ሥራ ሳይኖራችሁ ለኤምቢኤ ስታመለክቱ
ደብረ ብርሃንም ሁኑ ሸዋ ሮቢት፣ ሥራ ለቃችሁ ለኤምቢኤ (ለቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) የምታመለክቱ ከሆነ ሲቪያችሁ ላይ ያለውን ክፍት ጊዜ እንዲሁ አትተዉት። አመልካቾችን የሚመርጠው ሰው ባዶውን በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱ ደግሞ ለእናንተ አያደላም።

ዘዴው ይኸውላችሁ። የምታውቁት ነጋዴ ጋ ሂዱና የገቢና ወጪ መዝገቡን ለጥቂት ወራት በነፃ ያዙለት። የሽንኩርት ነጋዴ ይሁን፣ የመንዝ በግ አድላቢ ይሁን፣ የሰፈር ሱቅ ይሁን ግድ የለም። ሲቪው ላይ ከነወሩና ዓመቱ አስገቡት፣ «ያለ ክፍያ» ብላችሁ። ማመልከቻ ድርሰቱ ላይ ደግሞ በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ። ለምሳሌ ዱቤ ሲበዛ መዝገቡ ትርፍ እያሳየ መሳቢያው ውስጥ ግን ብር ይጠፋል። ይሄን ያየ ሰው ስለ ጥሬ ገንዘብ ፍሰት የሚያወራው ነገር አለው፤ «ለቢዝነስ ፍቅር አለኝ» ከሚለው መቶ እጥፍ ይሻላል።

የድጋፍ ደብዳቤውን ግን ከቀድሞ አለቃችሁ አምጡ፣ ሳይረሳችሁ ቶሎ። ነጋዴው አጎታችሁ ከሆነማ ጭራሽ እንዳታስፈርሙት።

አንድ ነገር፦ ፕሮግራሙ የተወሰነ ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ከሆነ ይሄን እንደ ልምድ አትቁጠሩት። የደመወዝ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ አምጡ ቢሏችሁ መልስ የላችሁም።