በኢምፕላንት ዙሪያ ያለን ድድ መልክ ማስተካከል

በኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ላይ የተሠራው ክራውን (የሚታየው ሰው ሠራሽ ጥርስ) አምሮ ሳለ ድዱ ሊያጋልጠው ይችላል፦ ግራጫ ጥላ፣ የሸሸ ጠርዝ፣ በጥርሶች መካከል ጥቁር ክፍተት። መነሻቸው ይለያያል። ድዱ ከቀላ፣ ከደማ ወይም መግል ካለው ግን ቅድሚያ ለብግነቱ ነው፤ ክራውኑ በሲሚንቶ የተለጠፈ ከሆነ ከድዱ ሥር የቀረ ትርፍ ሲሚንቶ ይፈለግ።

ለግራጫው ጥላ የድዱ ውፍረት ይታይ። ፕሮብ (የድድ መለኪያ ቀጭን ዘንግ) በድዱ ሥር ቀስ ብሎ ሲገባ የፕሮቡ ብረት በድዱ አልፎ ከታየ ድዱ ቀጭን ነው። ከ2 ሚሊሜትር የሳሳ ድድ ታይታኒየምን አይሸፍንም። የዚርኮኒያ (ነጭ ሴራሚክ) አባትመንት፣ ማለትም ክራውኑን ከኢምፕላንቱ ጋር የሚያገናኘው ቁራጭ፣ ጥላውን ያቀልለዋል እንጂ ድዱን አያወፍርም። ለማወፈር ከክራንቻው ቀጥለው ካሉት ጥርሶች ጎን፣ ከላንቃው ላይ፣ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር የሚወፍር ሥጋ ከላይኛው ሽፋን ሥር ተወስዶ በድዱ ውስጥ ይሰፋል። ከተነቃነቀ ደም ስለማያገኝ ይሞታል።

ብዙውን ቅርጽ የሚያወጣው ግን ቢላ ሳይሆን በብሎን የሚታሰር ጊዜያዊ ክራውን ነው። ሲታሰር ድዱ ይነጣል፤ በ10 ወይም 15 ደቂቃ ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ ጫናው በዝቷልና ፈትቶ መሞረድ ነው። በየሁለት ሳምንቱ በጎንና በጎኑ ጥቂት ኮምፖዚት (የጥርስ መሙያ ቁስ) በክራውኑ ላይ እየተጨመረ በደንብ ይወለወላል፤ ሻካራ ከሆነ ቆሻሻ ይይዛል። በከንፈር በኩል ግን እጅን መሰብሰብ ይሻላል፦ እዚያ በክራውኑ ላይ የሚጨመር ጉብታ የድዱን ጠርዝ ወደ ላይ ያሸሸዋል፣ ሲቀነስ ደግሞ ድዱ መልሶ ሊወርድ ይችላል። ለላይ ጥርስ ነው ይህ፤ ለታች አቅጣጫው ይገለበጣል።

የወጣውን ቅርጽ ለላቦራቶሪ ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። ክራውኑ ሲወልቅ ድዱ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰበሰባል። ስለዚህ ጊዜያዊው ክራውን በአናሎግ (በኢምፕላንቱ ቅጂ) ላይ ታስሮ እስከ አንገቱ በሲሊኮን ውስጥ ይነከር። ሲሊኮኑ ሲደርቅ ክራውኑ ይፈታና በቦታው የልክ መውሰጃው ኮፒንግ (ልክ ሲወሰድ በኢምፕላንቱ ላይ የሚታሰረው ቁራጭ) ይታሰር፤ በዙሪያው የቀረውን ክፍተት አክሪሊክ ይሙላው። ልኩ በዚህ ኮፒንግ ይወሰዳል።

ጥቁሩን ክፍተት የሚወስነው አጥንት ነው። በጥርስና በኢምፕላንት መካከል፣ ጥርሶቹ ከሚነካኩበት ነጥብ እስከ ጥርሱ አጥንት ያለው ርቀት 5 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ድዱ አብዛኛውን ጊዜ ይሞላዋል። ካለፈ የመነካኪያውን ነጥብ ወደ ድዱ ማስጠጋት ይቀልላል። በሁለት ኢምፕላንቶች መካከል ተስፋው ያንሳል፤ ድድ መስሎ የሚሠራ ሮዝ ፖርሴሊን ያኔ ሐቀኛ መፍትሔ ነው። ኢምፕላንቱ ራሱ ወደ ከንፈር አጋድሎ ከተተከለ ደግሞ የሥጋ ንቅለ ተከላ ብዙ አይረዳም፤ አንዳንዴ አውጥቶ እንደገና መትከል ይሻላል።