ጠበቃን ለማመን ሲወስኑ የሚሠሩ ስህተቶች

«መቶ በመቶ እናሸንፋለን» ሲባሉ መርካት። ፍርድ ቤት በር ላይ እንዲህ የሚል አይጠፋም። አንዳንዱ ጠበቃ እንኳ አይደለም፤ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ባይ ነው። ፈቃዱን ያሳየኝ ማለት ነውር የለውም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚከራከር ጠበቃ ፈቃዱን ከፍትህ ሚኒስቴር ያወጣል። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» ካለዎትማ ሻይዎን ሳይጨርሱ ይነሱ።

ምክሩ በምን ላይ እንደቆመ አለመጠየቅ። ለእኔ ትልቁ ጥፋት ይሄኛው ነው። ቤት ገዙ እንበል። ውሉ ሽማግሌ ፊት የተፈረመ የመንደር ውል ነው። የቤት ዋጋ ሲንር ሻጩ ካደ። አንዱ ጠበቃ «ከፍለዋል፣ ምስክር አለዎት፣ አይስጉ» ይልዎታል። ሌላኛው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723ን ይገልጣል። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል። ቀጥሎ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ ውል አይጸናም ማለቱን ይነግርዎታል። ሰበር ለሕግ የሚሰጠው ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። የመጀመሪያው ሰው ንግግር ደስ ይላል፤ እኔ ግን ገንዘቤን ይዤ ወደ ሁለተኛው ነው የምሄደው። እሱንም ቢሆን ዝም ብዬ አልቀበለውም። ከዚያ ወዲህ ሰበር ይህችኑ ቁጥር 1723 ያየባቸው ሌሎች መዝገቦች አሉ። «የኔ ጉዳይ የትኛውን ይመስላል?» ብለው ይጠይቁት። ከተቆጣ ሌላ ጠበቃ ያማክሩ።

የሚጎዳዎትን ወረቀት መደበቅ። ግማሹን ሰምቶ የመከረ ጠበቃ ምክሩም ግማሽ ነው። ያቺን ወረቀት ደግሞ ተከራካሪዎ ያወጣታል።

ቀን መቁጠሩን ለጠበቃው ብቻ መተው። በተራ የፍትሐ ብሔር ክርክር ይግባኝ የሚባለው በ60 ቀን ውስጥ ነው። ያላግባብ ከሥራ የተባረረና ልመለስ የሚል ሠራተኛ ያለው 3 ወር ነው። «ቀስ ብለን እናየዋለን» ካለዎት የመጨረሻውን ቀን ያስነግሩትና ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።

ሳያነቡ ውክልና መስጠት። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚልኩ ወገኖች እዚህ ላይ ይሸወዳሉ። ውክልናው ውስጥ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ» የምትል ሐረግ ካለች ያስወጧት። ሊከራከርልዎ እንጂ ቤትዎን ሊሸጥልዎ አልቀጠሩትም።