አይሪሽ ፊድል ለክላሲካል ቫዮሊን ተጫዋች፦ ችግርና መፍትሄ

ፊድል ሌላ መሣሪያ አይደለም፤ ያው ቫዮሊን ነው። በክላሲካል ትምህርት የበሰለ ተጫዋች ግራ የሚጋባውም ለዚህ ነው፤ ኖታው ሁሉ ልክ ሆኖ ሳለ ዜማው የአየርላንድ አልመስል ይለዋል። ብዙ ሰው ጥፋቱን ግራ እጁ ላይ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ያለው ደጋኑ ላይ ነው።

ምልክት፦ ሪሉ (ፈጣኑ የአይሪሽ ጭፈራ ዜማ) እንደ ጣት ማፍታቻ ይሰማል እንጂ እግር አያስነሳም።

ምክንያቱ ሁለት ነው። እያንዳንዱን ባር ወደ ታች በሚሳብ ደጋን መጀመር የሠለጠነ ክንድ ልማድ ነው፤ ሁለት ሁለት ኖታ ከምቱ ጀምሮ ማያያዝም እንዲሁ። በሪል ግን ማያያዣው ምቱን አቋርጦ ያልፋል። ከብዙዎቹ አካሄዶች አንዱን እንያዝ። ባሩ ስምንት አጫጭር ኖታ አለው። 2ኛውን ወደ ታች፣ 3ኛውን ወደ ላይ ለየብቻ ይጫወቱ። 4ኛውንና 5ኛውን በአንድ ደጋን ያያይዙ፤ 6ኛውና 7ኛው ለየብቻ፤ 8ኛው ከቀጣዩ ባር 1ኛ ኖታ ጋር ይያያዛል። እንግዲህ እያንዳንዱ ባር የሚከፈተው ወደ ላይ እየሄደ ባለ ደጋን ነው። ክንድ መጀመሪያ ላይ እምቢ ይላል፤ ስለዚህ ጣት ሳያስገቡ በባዶው የኤ ክር ብቻ፣ ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርገው፣ በባር ሁለት ምት አሥር ደቂቃ ይሥሩ። ሲለምድ የሜትሮኖሙን ምት 3ኛውና 7ኛው ኖታ ላይ ያሳርፉት። ደጋኑን ከወገቡ እስከ ጫፉ ባለው ክፍል፣ በአጭሩ ይጠቀሙ።

ምልክት፦ ሮሉ (አምስት ኖታ ያለው የአይሪሽ ዜማ ጌጥ) የባሮክ ጌጥ ይመስላል።

አምስቱን ኖታ እኩል እየከፈሉ ነው። ሮል ግን ሦስት አጫጭር ኖታ የሚፈጀውን አንድ ድምፅ ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው። በዲ ክር ላይ ጂን በ3ኛ ጣት ይያዙና ጥርት አድርገው ያሰሙ። 4ኛውን ጣት ክሩን ነክቶ እንደሚመለስ ያህል ብቻ ጣል ያድርጉ፤ ጂ እንደገና ይሰማ። ከዚያ 3ኛውን ጣት ለቅጽበት ያንሱ፣ ከሥር ኤፍ ሻርፕ ብልጭ ብሎ ይጥፋና ወደ ጂ ይመለሱ። ሁሉም በአንድ ደጋን። የ4ኛው ጣት ኖታ በግልጽ ከተሰማ ረዝሟል ማለት ነው።

ምልክት፦ ትሪብሉ (በደጋን የሚመታው ሦስትዮሽ) ይንኮታኮታል ወይም ምቱን ያዘገያል።

ደጋን በዝቷል። ሁለት ሴንቲሜትር ይበቃል፤ የሚንቀሳቀሰው አንጓ ነው፣ ክንድ ይረፍ። የመጀመሪያዋን ምት በአመልካች ጣት ጫን ይበሉ። ትንሽ መቧጠጥ ቢኖረው ጥሩ ነው፤ ድምፁን ለማጥራት አይድከሙ።

ቪብራቶ ከጭፈራ ዜማ ይውጣ። ለዝግተኛ ዜማ በስሱ ይቆይ።

ምልክት፦ ከጽሑፉ አንድም ኖታ አልሳቱም፣ ዘዬው ግን የለም።

የአይሪሽ ዜማ ሰብሳቢው ፍራንሲስ ኦኒል እ.ኤ.አ. በ1903 በቺካጎ ያሳተመው ስብስብ 1,850 ዜማ ይዟል፤ ለማስታወሻ ግሩም ነው። ዘዬ ግን በጆሮ ነው የሚገባው። ዜማውን በአፍ ማንጎራጎር እስኪችሉ ቫዮሊኑን አያንሱ። ሲያዳምጡም የአየርላንድን አካባቢዎች አይቀላቅሉ፦ የስላይጎው ፊድል ተጫዋች ማይክል ኮልማን ደጋን ያያይዛል፣ የዶኔጎሉ ጆን ዶኸርቲ ደግሞ በነጠላ ምት ይበረታል። ለጥቂት ወራት አንዱን ብቻ ይያዙ።

ምልክት፦ ከሰው ጋር ሲጫወቱ ዜማ ሲቀየር ይቀራሉ።

አንዱ ዜማ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስቴ ይደገምና ሳይቆም ወደ ሌላው ይታለፋል። የመጀመሪያውን የመጨረሻ ሁለት ባር ከቀጣዩ የመጀመሪያ ሁለት ባር ጋር ገጥመው፣ እሱን ብቻ ደጋግመው ይለማመዱ።