የግፊት መድኃኒት ማስታወሻው ሌሊት እንዳይጮህባችሁ

የደም ግፊት መከታተያ አፕ ላይ የመድኃኒት ሰዓት ስትሞሉ ለጠዋቱ 1 ሰዓት «1:00» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ደሴ የእናቴ ስልክ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጮኾ በዚያ ብርድ ቤቱን ሁሉ ቀስቅሷል። አፑ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ደግሞ ከንጋት።

መላው ቀላል ነው። ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። ከጠዋት 1 እስከ ምሽት 12 ሰዓት 6 ደምሩ፣ ከማታ 1 እስከ 5 ሰዓት 18። ጠዋት 1 ሰዓት 07:00 ይሆናል፣ ማታ 2 ሰዓት ደግሞ 20:00። ኤኤም ፒኤም የሚባለው ጣጣም ይቀራል። የማስታወሻውን ስም በአማርኛ «የግፊት ኪኒን» ብላችሁ ጻፉት፤ ለምን እንደጮኸ ልጅ ጠርቶ ማስነበብ አያስፈልግም።

የመለኪያ ሰዓቱን ግን ከአቦል በፊት አድርጉት። ወሎ ቤት ቡና ከቀረበ እስከ በረካ ማን ይነሳል? ቡና ደግሞ ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል። ጀርባችሁን አስደግፋችሁ፣ እግር ሳታቆላልፉ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለኩና ሁለቱንም መዝግቡ።

አንድ ነገር፦ ጣት ካሜራው ላይ አስቀምጡና ግፊታችሁን ልንገራችሁ የሚሉ አፖችን አትመኑ። ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ የግድ ነው። ቁጥሩ 180/120 አልፎ ደረት ከወጋችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ምዝገባው ይቅር፤ ቶሎ ወደ ሆስፒታል።