በሬቪት የበር ስኬጁል እንዴት ይስተካከላል?

ሬቪት የተባለውን የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ የበር ስኬጁል (የበሮች ዝርዝር ሰንጠረዥ) መስመሮችን ሳወፍርና ሳቀጥን ዋልኩ። ኦኬ እላለሁ፤ ስክሪኑ ላይ ያው ነው። ተስፋ ቆርጬ ሰንጠረዡን ሺት (የሚታተመው የሥዕል ገጽ) ላይ ሳስቀምጠው ግን ስቀያይር የዋልኩት ሁሉ ተደራርቦ ወጣ፤ ዙሪያውን ግድግዳ የሚያህል መስመር ከቦታል። ለካ ስኬጁሉ የሚከፈትበት መስኮት ጓዳው ነው፤ ሳሎኑ ሺቱ ነው። መረጃው ጓዳ ይሰናዳል፤ መልኩ የሚታየው ሳሎን ነው።

ለመጀመር «ቪው» የሚለው ታብ ላይ «ስኬጁልስ»፣ ከዚያ «ስኬጁል/ኳንቲቲስ» ይምረጡና ከዝርዝሩ በሮችን ይያዙ። ቀጥሎ የሚከፈተው ዓምዶቹ የሚመረጡበት «ፊልድስ» ነው። ታይፕ ማርክ፣ ዊድዝ (ስፋት)፣ ሃይት (ቁመት)፣ ካውንት (ብዛት) እና ኮሜንትስ (አስተያየት) ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። እዚህ የደረደሩበት ቅደም ተከተል የዓምዶቹ ቅደም ተከተል ይሆናል። «ማርክ» እና «ታይፕ ማርክ» እንዳይምታቱብዎ፤ ማርክ የእያንዳንዱ በር መለያ ሲሆን ታይፕ ማርክ የዓይነቱ ነው። ፕላን ላይ ዲ1፣ ዲ2 እያልን የምንጽፈው ሁለተኛውን ነው።

በዚያው መስኮት «ሶርቲንግ/ግሩፒንግ» ውስጥ በታይፕ ማርክ ይደርድሩና ከታች «አይተማይዝ ኤቭሪ ኢንስታንስ» የሚለውን ምልክት ያንሱ። ስልሳ ረድፍ የነበረው ሰንጠረዥ ስድስት ሰባት ረድፍ ሆኖ ይሰበሰባል፤ ካውንት የየዓይነቱን ብዛት ይይዛል። ፎቁንም ማሳየት ከፈለጉ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲ1 ምድር ላይም አንደኛ ፎቅ ላይም ካለ፣ ሁለቱ በአንድ ረድፍ ሲጠቃለሉ የፎቁ ሴል ትክክለኛ ስም ሊያሳይ አይችልም። መፍትሔው መጀመሪያ በሌቭል (በፎቁ)፣ ቀጥሎ በታይፕ ማርክ መደርደር ነው። ካውንት ዓምድ ሥር ጠቅላላ ድምር ከፈለጉ «ግራንድ ቶታልስ»ን ምልክት ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ «ፎርማቲንግ» ውስጥ ካውንትን መርጠው ድምር እንዲያሰላ ማዘዝም አለብዎት። ብዙ ሰው ይህቺን ረስቶ በካልኩሌተር ሲደምር አይቻለሁ።

አሁን ሰንጠረዡን ከፕሮጀክት ብራውዘር ጎትተው ሺት ላይ ያሳርፉት። ሺቱንና ስኬጁሉን ብቻ ክፍት ትተው በኪቦርዱ ደብልዩ እና ቲ ቢመቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሆናሉ፤ የሚቀረውን ሥራ ሁሉ እንዲህ እያዩ ይሥሩ።

«ፎርማቲንግ» ላይ የየዓምዱን አርዕስት ወደፈለጉት ቃል ይቀይሩ፤ ዊድዝ «ስፋት» ቢባል ሞዴሉ ውስጥ ያለው ስም አይነካም። ኮዱን (ታይፕ ማርኩን) መሃል፣ ቁጥሩን ወደ ቀኝ ያስጠጉ። የልኬት ዓምዶች ላይ «ፊልድ ፎርማት» ከፍተው የፕሮጀክቱን አሃድ ተጠቀም የሚለውን ያንሱና ሚሊሜትር፣ ያለ ነጥብ ያድርጉት። አንዱ ዓምድ 0.90፣ ሌላው 2100 የሚልበትን ሰንጠረዥ አናጺ እጅ ላይ ማድረስ ጠብ መጫር ነው። ለመደርደሪያ ብቻ ያስገቡት ዓምድ ካለ «ሂድን ፊልድ» ያድርጉት እንጂ አይሰርዙት።

«አፒራንስ» ውስጥ የውስጡን መስመር ቀጭን፣ የዙሪያውን ትንሽ ወፈር ያድርጉ። ከአርዕስቱ በታች ባዶ ረድፍ የሚጨምረውን ምልክት እኔ ሁልጊዜ አነሳዋለሁ፤ ቦታ ከመብላት በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። የፊደል ዓይነትና መጠን እዚያው አይጻፍም፤ ፕሮጀክቱ ውስጥ ካሉት የጽሑፍ ታይፖች ይመረጣል። ስለዚህ 2.5 ሚሜ የሆነ ታይፕ አስቀድመው ይፍጠሩ። አርዕስቱ በአማርኛ ከሆነ ናያላን ወይም ኢብሪማን የመሰለ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ይስጡት፤ ፊደሎቻችን ሰፋ ስለሚሉም ዓምዱን ዘርጋ ያድርጉ።

ሺቱ ላይ ሰንጠረዡን ሲነኩት ከየዓምዱ አናት ትናንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይወጣሉ፤ ስፋቱ በእነሱ ይጎተታል። ጎኑ ላይ ያለችው የዚግዛግ ምልክት ደግሞ ረጅሙን ሰንጠረዥ ለሁለት ትከፍላለች፤ አንዱን ቁራጭ በሌላው ላይ ቢያሳርፉት መልሶ ይገጥማል። ስፋትና ቁመትን «መጠን» በሚል የጋራ አርዕስት ሥር ለማሰባሰብ ወደ ስኬጁሉ መስኮት ይመለሱና ሁለቱን አርዕስቶች መርጠው «ግሩፕ» ይበሉ።

አንድ የሚያስፈራ ነገር አለ። ይህ ሰንጠረዥ ኤክሴል አይደለም። ቁጥሩ እንዲያምር ብለው የዲ1ን ስፋት ከ850 ወደ 900 ቢቀይሩ፣ በሕንፃው ውስጥ ያሉት ዲ1 በሮች በሙሉ ይሰፋሉ፤ ኮለን (ምሰሶ) ሥር የቆመውም ጭምር። ለማጣራት ብቻ ከሆነ «ኮንዲሽናል ፎርማት» ከ800 በታች የሆነውን ሴል ቀይ ቀለም እንዲቀባልዎ ያድርጉ፤ ሞዴሉን አይነካም።

ያማረውን ስኬጁል ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ከዜሮ መሥራት የለብዎትም። አዲሱን ፋይል ከፍተው «ኢንሰርት» ታብ ላይ «ኢንሰርት ፍሮም ፋይል»፣ ከዚያ «ኢንሰርት ቪውስ ፍሮም ፋይል» ይበሉና የድሮውን ፋይል ይምረጡ፤ ስኬጁሉ ቅርጹን ይዞ ገብቶ በአዲሶቹ በሮች ይሞላል።