የጨቅላ ሕፃን እትብት አያያዝ፦ ከማዋለጃ ክፍል እስከ አራስ ቤት

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር ላይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች በዚያ ወር ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያነጋል። ልጁ በተወለደ በአምስተኛው ቀን እትብቱ መሽተት ጀመረ። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኔ ነበር፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። ሁለተኛዋን ስወልድ ግን እትብት መንከባከብ ማለት በአብዛኛው እጅን መሰብሰብ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

ከምጥ በፊት

በእርግዝና ክትትል ወቅት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዳችሁን ካርዳችሁ ላይ አረጋግጡ። እናት የተከተበችው መከላከያ በደሟ በኩል ወደ ልጁ ስለሚያልፍ፣ በእትብት ቁስል ገብቶ ጨቅላ የሚገድለውን ይህን በሽታ ከወዲሁ ያግደዋል።

ማዋለጃ ክፍል

እዚህ ሥራው የአዋላጅ ነርሷ ነው። ልጁ ደህና ከሆነ ወዲያው አትቆርጥም፤ ከእንግዴ ልጁ የሚመጣው ደም እንዲደርሰው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ትጠብቃለች። ከዚያ ከሆዱ ሁለት ጣት ያህል ርቃ ታስራለች፣ በንጹሕ መሣሪያ ትቆርጣለች።

ከገጠር ለሚመጡ አንድ ነገር ልጨምር። ምጥ መንገድ ላይ ቢመጣና ያልተከፈተ አዲስ ምላጭ ከሌለ እትብቱን አትቁረጡ። ልጁን አድርቃችሁ ከእናቱ ገላ ጋር ሸፍኑና ከነእንግዴ ልጁ ጤና ጣቢያ አድርሱ። እዚያ እስክትደርሱ እትብት ሳይቆረጥ ቢቆይ የሚያመጣው ጉዳት የለም፤ በቆሸሸ ቢላ መቁረጥ ግን አለው።

እትብቱ መጀመሪያ ወፍራምና እርጥብ ስለሆነ ሲሟሽሽ ማሰሪያው ሊላላ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ልብሱን ገለጥ እያደረጋችሁ ተመልከቱ። ደም ካዠ ባለሙያ ጥሩ። እኔ ነርሶቹን አስቸገርኳቸው እያልኩ አፍሬ ነበር፤ እናንተ አትፈሩ።

ቅባቱ

በአንዳንድ ጤና ተቋማት ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ 7.1 በመቶ ቅባት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር መሠረት ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መያዝ ይበቃል፤ ቅባቱ የሚያስፈልገው እትብት ላይ ጎጂ ነገር መቀባት በተለመደበት አካባቢ ነው። ከተሰጣችሁ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ለሰባት ቀን ጫፉንም ሥሩንም ቀቡና እስኪደርቅ ሳትሸፍኑ ጠብቁ።

ቅባቱ ዓይን ውስጥ መግባት የለበትም። አዲስ ለተወለደ ልጅ የሚደረገው የዓይን ቅባትም በተመሳሳይ ትንሽ ቱቦ ይመጣል፤ ሁለቱን አምታተው ዓይን ያጎደሉ ሰዎች ስለነበሩ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በኩራዝ ወይም በስልክ ብርሃን ቱቦ አትክፈቱ። የእኔ የተቀመጠው ከልጁ ልብስ ርቆ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነበር።

ቤት ውስጥ፦ ዋናው ፈተና

ምክሩ አጭር ነው፦ አየር ያግኝ፣ ይድረቅ። ግን ደጋ ላይ አራስ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የልጅ ሆድ አየር ያግኝ ማለት ይከብዳል። አማቴ ከመንዝ ባና ይዘው መጥተው ነበርና ልጁን በእሱ ጠቀለልነው። በሁለተኛው ቀን ስገልጠው የባናው ጠጉር እትብቱ ላይ ተጣብቆ አየሁ። ጠጉሩ እንዳይነካው፣ ብርዱም እንዳይገባው ብዬ በፋሻ ሆዱን ዙሪያውን አሰርኩት። ንጹሕ ፋሻ ነበር፣ ከፋርማሲ የገዛሁት። ሽንቱ ግን ከታች እያረጠበ ወጣ፣ ፋሻውም እርጥበቱን ይዞ ዋለ፣ አደረ። በአምስተኛው ቀን ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ነርስ ፋሻውን ፈታ ስታበቃ «ለቁስል ሳይሆን ለእርጥበት ነው ያሰርሽው» አለችኝ። ደግነቱ ቅላቱ ወደ ቆዳው አልሄደም ነበር።

ለሁለተኛዋ ያደረግኩት ይህ ነው። ከውስጥ ስስ የጥጥ ሸሚዝ አለበስኳት፣ ባናው ከዚያ በላይ ሆነ። ዳይፐሩን ወይም የሽንት ጨርቁን ከእትብቱ በታች አጥፌ አሰርኩ። ሙቀቱን ከፋሻ ሳይሆን ከራሴ ደረት፣ ገላ ለገላ አድርጌ ሰጠኋት፤ ከየትኛውም ብርድ ልብስ ይበልጣል። ከሰል ጭስ አጠገብ ማስተኛት ግን በምንም ምክንያት አይሆንም። በመጀመሪያው 24 ሰዓት ገላዋን አላጠብኩም፤ ከዚያም እትብቱ እስኪወድቅ ድረስ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ብቻ። እትብቱ ላይ ሽንት ወይም ዓይነ ምድር ከነካው በንጹሕ ውኃና ሳሙና አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው። አልኮል እየነከሩ ቀኑን ሙሉ መጠራረግ ልፋት ብቻ ነው።

ቅቤው

አማቴ በትንሽ ቅል ለጋ ቅቤ ይዘው ነበር፣ ለእትብቱ። «ልጄ፣ ሰባቱን ያሳደግሁት በዚሁ ነው» አሉኝ። ቅቤ እትብቱን ያረጥበዋል፤ ከወተት ዕቃ፣ ከእጅ፣ ከጓሮ የመጣ ጀርምም ይዞ ይገባል። አመድና የከብት እበት የባሱ ናቸው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስ አፈርና እበት ውስጥ ይኖራልና። ይህን ሁሉ ለእሳቸው ብዘረዝር ጠብ ይሆን ነበር። «እማማ፣ ቅቤውን ለእኔ ራስ ይቀቡልኝ፤ የተረፈው ገንፎው ላይ ይግባ» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ቀቡኝ።

በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

በእትብቱ ዙሪያ ያለው ቆዳ ከቀላ ወይም ካበጠ፣ መግል ከወጣው፣ ከሸተተ፣ ደም መፍሰሱ ካላቆመ። ከእነዚህ ይበልጥ የሚያስፈራው የልጁ ሁኔታ ነው፦ ጡት መጥባት ካቆመ፣ ሰውነቱ ከገተረ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ሙቀቱ 37.5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ። ገበያ ነው፣ በዓል ነው ብላችሁ አታሳድሩ።

ሲወድቅ

ቀለሙ ከነጭ ወደ ቡናማ፣ ከዚያ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ይወድቃል። ቅባት የተቀባ ቀን ሊጨምር ይችላል። በክር ተንጠልጥሎ ቢታይ እንኳ አትጎትቱት። ሲወድቅ አንድ ሁለት ጠብታ ደም ጨርቁ ላይ ቢታይ አያስደነግጥም። ቦታው ላይ ቀይ እርጥብ ሥጋ ቀርቶ ውኃ ቢያዥ ግን ለባለሙያ አሳዩ። ልጁ ሲያለቅስ እምብርቱ ቢገፋ ሳንቲም አስቀምጦ ማሰር አይጠቅምም።

የልጄ እትብት በአሥራ አንደኛው ቀን ሌሊት ወድቆ ሸሚዟ እጥፋት ውስጥ አገኘሁት፤ የደረቀ ቃሪያ ይመስል ነበር። አማቴ በጨርቅ ቋጥረው ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቀበሩት። በዚህ አልተከራከርኳቸውም። ሲመለሱ ውኃ አፈሰስኩላቸው፣ እጃቸውን ታጥበው ልጅቷን ተቀበሉኝ።