የሳሳ አጥንት፣ የተጨፈለቀ አከርካሪ፦ ጀርባን ቤት ውስጥ እንዴት እንንከባከብ?

እናቴ ጀርባዋ የተሰበረው ወድቃ አይደለም። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ባለው ቤታችን፣ ሌሊት «ውሃ መጣ» ተብሎ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ነው። «ቀጭ ያለ ነገር ሰማሁ» አለች። መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ «ዕድሜ ነው» ብሎ ማስታገሻ መርፌ ወግቶ መለሰን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ ኤክስሬይ ስትነሳ፣ አንዱ የአከርካሪ አጥንቷ ከፊት በኩል ተጨፍልቆ እንደ ሽብልቅ ሆኗል።

አጥንት ሲሳሳ አያምም። ሴቶች ካረጡ በኋላ ቶሎ ይሳሳል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን ለወራት የሚወስድ ወንድም አይቀርለትም። ከዚያ ብርቱ ሳል እንኳ ሊሰብረው ይችላል። አንዳንዱ ስብራት ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ያልፋል። ልክ የነበረ ቀሚስ መሬት መጥረግ ሲጀምር፣ ጀርባ ሲጎብጥ፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

መጀመሪያ ምንነቱ ይታወቅ

ኤክስሬይ አስነሱ። የጀርባ ሕመም ሁሉ የአጥንት መሳሳት አይደለም። የአከርካሪ ቲቢ አለ፣ ካንሰርም አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ለሐኪሙ ሳይጠየቅ ይነገር። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ መቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ ሳይነጋ ሆስፒታል ነው።

ጎረቤቶቻችን ወጌሻ ሊጠሩልን ነበር። በቅንነት ነው። ግን የአከርካሪ አጥንት በውስጡ ዋናውን የነርቭ ገመድ ይዟል። የተሰበረ ጀርባ አይታሽም፣ አይጎተትም፣ አይረገጥም። በዚህ ማንም አይለምናችሁ።

ሕመሙ የሚበረታባቸው ሳምንታት

አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ አልጋ ላይ መክረም ጡንቻንም አጥንትንም ይጨርሳል፣ እግር ላይ ደም ያረጋል። በቀን ብዙ ጊዜ፣ ጥቂት ጥቂት መራመድ ይሻላል። አብዛኛው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይቀለዋል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይቀድማል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የአዛውንት ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ሐኪም ሳይጠየቅ አይዋጡ። ጠንከር ያሉት ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉ። ማማጥ ደግሞ ጀርባን ይጫናል። ስለዚህ ውሃ፣ ፓፓያ፣ ተልባ። ሳል ሲመጣ ትራስ ደረት ላይ እቅፍ አድርጎ መሳል ነው።

አነሳስና አጎነባበስ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ከአልጋ ስትነሱ ደረታችሁን ወደ ፊት ጎትታችሁ አትቀመጡ። ጉልበት ይታጠፍ። ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ፣ እንደ ግንድ፣ ወደ ጎን ይገልበጡ። እግሮች ከአልጋው ዳር ይውረዱ፤ በዚያው ቅጽበት በክርንና በመዳፍ አልጋውን ገፍቶ መቀመጥ ነው። ትንሽ ቁጭ ብሎ፣ ማዞሩ ካለፈ በኋላ መቆም። ስትተኙ በተገላቢጦሹ። እናቴ በሦስተኛው ቀን ለመደችው።

ወገብን አጥፎ መጎንበስና ወገብን መጠምዘዝ ለተሰበረ አከርካሪ ጠላት ነው። የወደቀ ነገር ለማንሳት ጉልበት ይታጠፍ፣ መቀመጫ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ጀርባ ቀጥ ይበል። ረከቦቱ ከመሬት ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ጀሪካን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጭራሽ አይነካም፣ ውሃው በጆግ ይቀዳ።

ፍራሽ ላይ ተደግፎ ለሰዓታት መቃም ለእኛ አገር ሰው የተለመደ ነው። ጀርባ ይጎብጣል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። መተው ያልቻለ ቢያንስ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይነሳ፣ ሳይበላ አይጀምር።

እናቴን በጣም ያስቸገራት ስግደት ነበር። «እግዚአብሔር ምን ይለኛል» አለች። የንስሐ አባቷ ናቸው ያሳመኗት፤ በሽተኛ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ይጸልያል። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ያው ነው፤ የታመመ ሰው ሶላቱን ተቀምጦ መስገድ ተፈቅዶለታል።

ባጃጅ ስትይዙ «ወንድሜ፣ ቀስ በል፣ ጀርባዋን የታመመች ይዣለሁ» በሉ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያላችሁ፣ ቁልቁለቱ ድንጋይ ያንሸራትታል፤ ጎማ ሶል ያለው ጫማና ምርኩዝ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነሳ፣ ሌሊት ወደ ሽንት ቤት መብራት ይኑር።

ሕመሙ ሲረግብ ግድግዳ ተደግፎ መቆም ይጀመር። ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳውን ለመንካት ይሞክሩ፤ 5 ሴኮንድ፣ 10 ጊዜ። ማለዳ የከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር መራመድም መድኃኒት ነው።

ማዕድና ፀሐይ

ከ50 ዓመት በላይ ላለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። የግመል ወተት ካገኛችሁ አፍልታችሁ ጠጡ። በጾም ሰሊጥ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ ይረዳሉ። ጡንቻም ይታሰብ፤ ምስርና ሽሮ፣ በፍስክ እንቁላል አይጓደል። የድሬ ሙቀት አዛውንቶችን ቤት ያስቀራል፣ ቫይታሚን ዲ ግን ከፀሐይ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ግድም ግቢ ውስጥ ክንድና እግርን ገለጥ አድርጎ ጥቂት መቀመጥ ነው። በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይሠራም።

መድኃኒቱ

አንዴ አከርካሪ ከተሰበረ ወተት ብቻውን አይበቃም፣ ሌላውም ሊከተል ይችላል። የአጥንት ጥግግት መለኪያው በቅርብ ባይገኝም፣ ያለ ከባድ አደጋ መሰበሩ ራሱ ስለ ሕክምና ለመነጋገር በቂ ነው። ሐኪሙን «ለአጥንቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ። በየ6 ወሩ የሚወጋው ዴኖሱማብ ከታዘዘ ቀኑ አይለፍ፤ ሲቋረጥ አከርካሪ ተከታትሎ ሊሰበር ይችላል።

ለእናቴ የታዘዘላት በሳምንት አንዴ የሚዋጥ አሌንድሮኔት ነው። የኩላሊት ወይም የምግብ ቧንቧ ችግር ያለበት አስቀድሞ ይናገር። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጣል። በሻይ፣ በቡና፣ በወተት አይሆንም። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት መተኛትም መብላትም የለም፣ ጉሮሮ ያቆስላል። እሁድ ቅዳሴ ስላለባት ቅዳሜን መረጥንላት። ክኒኑን ውጣ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ እኔ ቁርሷን አቀርባለሁ።